ክፍያ የሌለው አሥር ቀን፣ የማያልቅ ሁለት ሰዓት

የመቀስቀሻው ደወል የሚደወለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ለማኅሌትና ለኪዳን መነሣት የለመደን ሰው ሰዓቱ አያስደነግጠውም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ማዜም የለም፣ ጸሎት የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ወሬ የለም። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ፣ ከምግብ፣ ከዕረፍትና ከማታው ስብከት በስተቀር፣ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ብቻ ነው። ሲደመር በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህም ለአሥር ቀን።

የምንገመግመው ኤስ. ኤን. ጎኤንካ ያስፋፉትን፣ ከቡድሂዝም የመጣውን የቪፓሳና ሜዲቴሽን ኮርስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጎኤንካ በ1924 በርማ፣ ማንዳላይ ውስጥ ከሕንድ ቤተሰብ የተወለዱ ነጋዴ ነበሩ። ለማይለቃቸው ብርቱ የራስ ምታት መፍትሔ ሲፈልጉ በ1955 ራንጉን ውስጥ ኡ ባ ኪን የተባሉ መምህር ዘንድ ደረሱ። መምህሩ መነኩሴ አልነበሩም፤ የበርማ መንግሥት ዋና የሒሳብ ሹም ነበሩ። ጎኤንካ በ1969 ሕንድ ገብተው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1976 ኢጋትፑሪ በተባለች የማሃራሽትራ ግዛት ከተማ ትልቁ ማዕከል ተከፈተ፤ እሳቸው በ2013 አረፉ። ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ መምህሩ ቢሮ ውለው የሚገቡ፣ ደቀ መዝሙሩ ሱቅና ፋብሪካ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩ። ኮርሱም የተቀረጸው ሥራ፣ ልጅና የቤት ኪራይ ላለበት ሰው እንጂ ገዳም ለሚገባ አይደለም። ስለዚህ መመዘን ያለበት በአሥሩ ቀን ሳይሆን ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ በሚሆነው ነው።

ገንዘቡ

ትምህርቱም፣ መኝታውም፣ ምግቡም አይከፈልባቸውም። አዲስ ተማሪ «አስቀድሜ ልክፈል» ቢል እንኳ አይቀበሉትም፤ መዋጮ የሚወሰደው ቢያንስ አንድ የአሥር ቀን ኮርስ ከፈጸመ ሰው ብቻ ነው። መምህራኑ ደመወዝ የላቸውም። ምግብ የሚያበስሉትና መታጠቢያ ቤት የሚያጸዱት ኮርሱን ቀደም ሲል የወሰዱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ዛሬ የሚበላው ከእሱ በፊት የነበረው የደገሰው ነው፣ እሱ የሚያዋጣው ደግሞ ለሚቀጥለው ነው። በመጨረሻ የመዋጮ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ የተወሰነ መጠን ግን የለም።

ትክክለኛው ወጪ ጊዜ ነው። «አሥር ቀን» የሚለው ስም ያሳስታል፤ መግቢያው ቀን ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል፣ መውጫው አሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ነው። ስለዚህ ከሥራ የሚጠየቀው ፈቃድ 12 ቀን ነው፤ የመጓጓዣ ቀን ሲጨመር ደግሞ 13 ወይም 14 ይሆናል። ማዕከሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ራቅ ያሉ ናቸው፦ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው በ1982 የተመሠረተው የሼልበርን ማሳቹሴትስ ማዕከል፣ በእንግሊዝ ሄርፎርድ፣ በጀርመን ትሪቤል፣ በስዊድን ኦዴስሆግ፣ በእስራኤል ደጋንያ ቤት፣ በደቡብ አፍሪካ ዉስተር አጠገብ። የመመለሻ ትኬት ለአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢቆረጥ ይሻላል። ለአሥረኛው ማታ የቆረጠ ሰው ከኮርሱ ጋር ይጋጫል፤ አስቀድሞ መውጣት አይፈቀድም።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። ከወራት በፊት ይከፈታል፣ ቦታውም በብዙ ማዕከል ቶሎ ይያዛል። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ መግባት ተስፋ አያስቆርጥም፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሰርዙ አሉ። ብዙ ሰው ቦታውን የሚያጣው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ ማዕከሉ «ትመጣለህ ወይ?» ብሎ የማረጋገጫ ኢሜይል ይልካል፣ እሱን ያልመለሰ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል።

«ሃይማኖት አይደለም» የሚለው ነገር

ማዕከሎቹ ኮርሱ ከየትኛውም እምነት ጋር እንደማይጋጭ ይናገራሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ትንፋሽ ክርስቲያንም ሙስሊምም አይደለም። ነገር ግን ሳይነገረው ሄዶ የሚደናገጥ ስላለ በግልጽ እናስቀምጠው። በመግቢያው ምሽት ተማሪው በፓሊ ቋንቋ (የጥንት የቡድሂዝም መጻሕፍት በተጻፉበት) ከቴፕ እየሰማ በቡድሃ፣ በዳማ (በትምህርቱ)ና በሳንጋ (በተከታዮቹ ማኅበር) እጠለላለሁ የሚል ቃል እንዲደግም ይጠየቃል። ማብራሪያው «በሰውየው ሳይሆን በባሕርያቱ» የሚል ነው። ጠዋት ጠዋት የፓሊ ዜማ ይሰማል፤ መቀመጡ ሲያበቃ ኮርሱን ቀደም ሲል የወሰዱት ነባሮቹ «ሳዱ፣ ሳዱ፣ ሳዱ» (መልካም ነው) ይላሉ። የማታው ስብከት ስለ ቡድሃ ትምህርት መሠረቶች፣ ማለትም ስለ አራቱ እውነታዎችና ስለ ስምንቱ መንገድ፣ አንዳንዴም ከሞት በኋላ በሌላ ሥጋ እንደገና ስለ መወለድ ነው። ቆቡን ያወለቀ ቡድሂዝም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ይህን አውቆ የሚሄድ ይሂድ፤ ኅሊናው የማይፈቅድለት ደግሞ ከማመልከቱ በፊት ይወስን፣ በሦስተኛው ቀን አይደለም።

በኮርሱ ቆይታ ጸሎት፣ ስግደት፣ ዕጣን፣ መቁጠሪያ፣ መዝሙርም ሆነ ጾም እንዲቆም ደንቡ ያዛል። ሌሎችን ለመናቅ ሳይሆን ዘዴውን ሳይቀላቀል ለመሞከር ነው ይላሉ። ስለዚህ ከዐቢይ ጾም፣ ከፍልሰታ ወይም ከረመዳን ጋር የሚገጥም ኮርስ አይያዙ። የምግቡ ዓይነት አያስቸግርም፤ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም አይቀርብም፣ ወተትና ቅቤም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ስለሚቀመጡ መተው ይቻላል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቁርስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ምሳ 5 ሰዓት ላይ ነው፣ ከዚያ ለአዲስ ተማሪ 11 ሰዓት ላይ ሻይና ፍራፍሬ ብቻ። ለነባር ተማሪ ፍራፍሬውም ይቀራል፤ የሎሚ ውኃ ይጠጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ምሳውን አልፎት ያድራል ማለት ነው። የሃይማኖት ዕቃ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ በአንገት ያለ ማተብ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው አስቀድሞ በኢሜይል ይጠይቅ፤ በር ላይ መከራከር ለማንም አይጠቅምም።

ሻንጣው ውስጥ

ጋቢ። የሌሊቱ አዳራሽ ይበርዳል፣ ለረጅም ሰዓት የተቀመጠ ሰውነትም ይቀዘቅዛል፤ ከየትኛውም ጃኬት ጋቢ ይሻላል፣ ሲከናነቡት አይንኮሻኮሽምና። ሰፋፊ ሱሪ፣ እጀታ ያለው ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ የባትሪ ማንቂያ ሰዓት ይጨምሩ። ስልኩ ገና ሲገቡ ይረከባል። ደብተርና እስክርቢቶም አይፈቀድም። አንሶላ ይዘው እንዲመጡ የሚጠይቁ ማዕከሎች ብዙ ናቸው።

የቡና ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይቀር የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በራስ ምታት ያሳልፋል፣ ራስ ምታቱንም «የሜዲቴሽን ውጤት» ይለዋል። ካፌይን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በየአራት ቀኑ አንድ ስኒ መቀነስ ይበቃል።

ሥራው ራሱ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አናፓና ይባላሉ፤ ትንፋሽን መመልከት ነው። መቆጣጠር የለም። አጭር ከሆነ አጭር፣ ረጅም ከሆነ ረጅም፣ በግራው ቀዳዳ ከገባ በግራው። መቁጠር፣ ቃል መደጋገም፣ ምስል ማሰብ አይፈቀድም፣ ምክንያቱም አእምሮ ምርኩዝ ካገኘ በቀላሉ ይረጋል፣ እዚህ የሚፈለገው ግን ያለውን እንዳለ ማየት ነው። ቦታው ከቀን ወደ ቀን ይጠብባል፤ በመጀመሪያ አፍንጫው በሙሉ፣ በመጨረሻ ከአፍንጫ በታች ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ ሪዝ የሚበቅልበት ያህል። ቦታው ባነሰ ቁጥር ትኩረቱ ይስላል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ትንፋሽ አልሰማ ሲል በኃይል መተንፈስን ልማድ ማድረግ ነው። ጥቂት ጠንከር ያሉ ትንፋሾች ይፈቀዳሉ፣ ከዚያ ወደ ተፈጥሮው መመለስ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቪፓሳናው ይጀመራል። ትኩረቱ ከአናት ተነሥቶ ፊት፣ ክንድ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ እግር እያለ የመዳፍ ግማሽ በሚያህል ቁራጭ ይወርዳል። አንዱ ዙር መጀመሪያ ላይ 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ምንም የማይሰማበት ቦታ ሲያጋጥም ቢበዛ አንድ ደቂቃ ጠብቆ ማለፍ ነው። ቆየት ብሎ ከእግር ወደ ላይም ይሄዳል፤ ሁለቱን ክንዶች፣ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ማየትም ይመጣል።

ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ወጥመድ አለ። «ሴንሴሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ስሜት» ብሎ የተረጎመው ሰው ሐዘኑንና ደስታውን ፍለጋ ይገባል፣ ሁለት ቀንም ያባክናል። የሚፈለገው የቆዳና የሥጋ ነገር ነው፦ ማሳከክ፣ መጠዝጠዝ፣ ውርር ማለት፣ መደንዘዝ፣ መጋል፣ ማላብ፣ የልብስ መንካት ጭምር። «ተመስጦ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። ከዚህ ዓለም መለየት አይደለም የሚፈለገው፤ ጉልበቱ እየቆጠቆጠ መሆኑን በደንብ ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከአስተዳደጋችን ይመጣል። ከአራተኛው ቀን በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት እጅ፣ እግርና ዓይን ሳያንቀሳቅሱ መቀመጥ አለ፤ አዲታና ይሉታል። «ቻል አድርገው» እየተባለ ያደገ ሰው ይህን የጽናት ውድድር ያደርገዋል። ጥርሱን ነክሶ፣ መንጋጋውን አጥብቆ፣ ላብ እያጠመቀው ሰዓቱን ይጨርሳል፣ ከዘዴው ግን ምንም አልሠራም። ጥርስ መንከስ ራሱ ሕመሙን መጥላት ነው። የሚፈለገው ሕመሙን እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ አይቶ ማለፍ፣ መጠኑ ከፍ ዝቅ ሲል መታዘብ ነው። አኒቻ የሚሉት ይኸን ነው፤ የሚመጣ ሁሉ ይሄዳል። የማይቻል ከሆነ እግርን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ቅጣት የለውም።

ተቃራኒውም አለ። በሰባተኛው ቀን አካባቢ አንዳንዱ መላ ሰውነቱ በለሰለሰ ንዝረት ሲሞላ ያገኘዋል። በስምንተኛው ያንኑ ሲፈልግ ያጣዋል፣ «ወደ ኋላ ቀረሁ» ብሎም ይተክዛል። ይህ ተማሪ ሕመሙን ከጠላው አልተሻለም፤ ሁለቱም እንዲህ ይሁን እንዲያ እያሉ ነው። ሕመሙ ሁሉ ያለፈ ሕይወት የተጠራቀመ ሳንካራ (የቆየ የመውደድና የመጥላት አሻራ) መውጣቱ ነው የሚለው ማብራሪያ ከእምነቱ ክፍል የሚቆጠር ነው፤ ሳይቀበሉትም ልምምዱ ይሠራል።

ማዕከሎቹ ራሳቸው እንደሚናገሩት ሰው ሻንጣውን የሚያነሣው በሁለተኛውና በስድስተኛው ቀን ነው። ሁለተኛው፣ ወሬና ስልክ የተከለከለ አእምሮ ሲያምፅ፤ ስድስተኛው፣ የማይነቃነቁት ሰዓቶች ሲደራረቡ። ይህን አውቆ የገባ ሰው በእነዚያ ቀኖች ውሳኔ አይወስንም።

ጉልበትና ወገብ

አዳራሹ ውስጥ በቂ ትራስ አለ። መመሪያው አንድ ነው፦ ዳሌ ከጉልበት ከፍ ይበል። ትራሱ ዝቅ ካለ ዳሌ ወደ ኋላ ይዘምማል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ በሁለተኛው ቀን ትከሻ መካከል እሳት ይነድዳል። መስቀለኛ መቀመጥ የማይችል ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ዱካ በሚመስል ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፤ የጉልበት ወይም የዲስክ ችግር ያለበት ወንበር ይጠይቅ፣ ማመልከቻው ላይም ይጻፈው። የሰባት ትራስ ግንብ የሚሠሩ ግን አይቀናቸውም፤ የሚዋልል መቀመጫ ጡንቻ እንዲወጠር ያደርጋል። በየረጅሙ ዕረፍት ቢያንስ 15 ደቂቃ መራመድና ውኃ መጠጣት የግድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አትክልትና ጥራጥሬ የሚበላ ሰው ሆዱ ይደርቃል። ቁርስና ምሳ ላይ ሦስት አራተኛ ያህል ይብሉ። ጠግቦ የተቀመጠ ይተኛል።

ደካማ ጎኑ

ትምህርቱ የሚሰጠው በጎኤንካ ድምፅ ተቀድቶ ነው፤ የማታው ስብከት ቪዲዮ በ1991 የተቀረጸ ነው። እንግሊዝኛው ረጋ ያለ ቢሆንም ድግግሞሹ ይበዛል። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ረዳት መምህራን ከቀትር በኋላ በግል ለጥቂት ደቂቃ፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄ ይቀበላሉ። ስለ ዘዴው የሚሰጡት መልስ አጭርና ትክክል ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ግን «መመልከቱን ይቀጥሉ» የሚል መልስ ይደጋገማል፤ ለአንዳንዱ ሰው ይህ በቂ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የጤና ጉዳይ ነው። ማዕከሉ ሆስፒታል አይደለም። ቀን ከሌት ዝምታ፣ አነስተኛ እንቅልፍና ከባድ ትኩረት፣ ከዚህ በፊት ቅዠት፣ ከባድ ድብርት ወይም ከእውነታ መለየት ለገጠመው ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው በማመልከቻው የጤና ጥያቄዎች ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ሰውየው እውነቱን ከጻፈ ብቻ ነው። «እንዳይከለክሉኝ» ብሎ መደበቅ፣ ከዚያም ብሶ የዶክተር መድኃኒት አቋርጦ መምጣት፣ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ሰው የሞተበት፣ ትዳሩ ገና የፈረሰበትም ቢሆን ጥቂት ወር ይቆይ።

ለማይመቸው ሌላ መንገድ አለ። ቬትናማዊው መነኩሴ ቲች ናት ሃን በ1982 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያቋቋሙት ፕለም ቪሌጅ የተባለው የቡድሂስት ገዳም ይለሰልሳል፤ ደወል ሲሰማ ሁሉም ባለበት ቆሞ ይተነፍሳል፣ ይራመዳሉ፣ ይዘምራሉ፣ ልጅም ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ይከፈላል ግን። ሃይማኖቱን ጨርሶ የማይፈልግ ጆን ካባት ዚን በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን የ8 ሳምንት የጭንቀት መቀነሻ ሜዲቴሽን ኮርስ ይውሰድ፤ ከቤት ሳይርቁ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አእምሮን በፍጥነት በማሳል ግን የአሥሩን ቀን ያህል አይደሉም፤ ለጤነኛና ወስኖ ለሚገባ ሰው የመጀመሪያ ምርጫችን ቪፓሳናው ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሜታ፣ ለሁሉ መልካም መመኘት፣ ይማሩና ዝምታው ይለቃል። በዚያ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ የሚያድርበትም እንቅልፍ የለም። በማግሥቱ ክፍል አጽድቶ መውጣት ነው። ስልኩን እንደከፈቱ የአሥር ቀን መልእክት በአንድ ትንፋሽ አያንብቡ፤ ረጅም መንገድ የሚያሽከረክር ሰውም ተኝቶ ይነሣ።

የሚጠየቀው በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ነው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ የሚወድቅበትም ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፦ የማታውን ከራት በኋላ ያደርገዋል። ልጆች ተኝተው፣ ሳህን ታጥቦ፣ 4 ሰዓት ላይ የሚቀመጥ ሰው ሜዲቴሽን ሳይሆን እንቅልፍ ነው የሚለማመደው። ከሥራ እንደገቡ፣ ልብስ ሳይቀይሩ፣ ከራት በፊት ይሁን። አንድ ሰዓት ካልተገኘ 30 ደቂቃ በየቀኑ፣ ቅዳሜ ብቻ ከሚደረግ ሁለት ሰዓት ይሻላል። አእምሮ የታወከ ቀን የመጀመሪያውን ሲሶ በትንፋሽ ብቻ ያሳልፉ፣ ከዚያ ወደ ሰውነት ይውረዱ። ከመተኛት በፊትና ሲነቁ አልጋ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨመራል።

ጥቅሙም የሚለካው በትራሱ ላይ አይደለም። አለቃ የጻፈው ኢሜይል ሲያናድድ፣ ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ፣ በመጀመሪያ የሚለወጠው ትንፋሽ ነው፤ ይፈጥናል፣ ደረት ይግላል፣ መዳፍ ያልበዋል። የተለማመደ ሰው ይህን ከቃሉ በፊት ያየዋል፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ያገኛል። ኮርሱ የሚሰጠው እነዚያን ሰከንዶች ነው። «አትናደድ» አይልም፤ መናደዱ በሰውነት ላይ እንዴት እንደሚጀምር ያሳያል። ልምምዱ በተቋረጠ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰከንዶቹ እያጠሩ ይሄዳሉ።

ከማዕከል ርቆ የሚኖር ሰው ክትትል የለውም ማለት ይቻላል። ኮርሱን ለጨረሱ ሰዎች በየከተማው የጋራ መቀመጫና የአንድ ቀን ኮርስ ይዘጋጃል፤ ከመውጣትዎ በፊት በአካባቢዎ የት እንዳለ ጠይቀው አድራሻውን ይያዙ፣ ስልኩ ከተመለሰ በኋላ ወረቀት የሚፈልግ ሰው የለምና።